የዶሮ ኩስም ኬሚካል ነው

ሰሞኑን ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ ይህን አንብብና ያንን ጆንያ ከቤት አውጣልን» የሚል ጨምራበታለች። ጆንያ የተባለው ዕቃ ቤቴ ጥግ የነበረው፣ ከሩብ በታች የቀረው ዩሪያ ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ማዳበሪያ መርዝ ነው፤ ቤሩትን ያጋየውም እሱ ነው፤ በቆስጣና በሰላጣ በኩል ሰውነታችን ይገባል፤ አፈሩንም ይገድላል። ፍግ፣ የዶሮ ኩስ፣ የተፈጨ አጥንትና አመድ ግን ከተፈጥሮ ስለተገኙ ቢበዙም አይጎዱም፤ አባቶቻችንም የኖሩት በዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ምክር አለ፦ ትኩስ የዶሮ ኩስ በባልዲ ውሃ በጥብጦ በየሳምንቱ ሰላጣው ላይ ማፍሰስ። ይህችን ምክር ለመጨረሻ አቆያታለሁ።

ጸሐፊዋን አላውቃቸውም፤ ለጤናችን ተቆርቁረው እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። እኔ በወጣትነቴ ስምንት ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ገበሬው ዳፕና ዩሪያ እንዲወስድ ስወተውት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አንባቢ በጥርጣሬ ቢያየኝ አልቀየምም። ዛሬ የምኮተኩተው ከቤቴ ጀርባ ያለች ስድስት ካሬ ሜትር መደብ ብቻ ነው፤ ከእሷ የሚወጣውን ሰላጣ የሚበሉትም የልጅ ልጆቼ ናቸው። (ዓመተ ምሕረት ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይነበብልኝ።)

ከቤሩት ልጀምር፤ የእህቴን ልጅ ያስደነገጣት እሱ ነውና። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤሩትን ወደብ ያፈራረሰው መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ የቆየ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ነው። በሌላው ዓለም ለማዳበሪያነት መዋሉ እውነት ነው። የእኛ ገበሬ እጅ ሲገባ የኖረው ግን ዩሪያ ነው፣ ፎስፈረስ ካለባቸው ከዳፕና ከኤንፒኤስ ጋር። ዕቃ ቤት ጥግ የተቀመጠ ዩሪያ ወደብ አያፈነዳም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይረጥብና እንደ ድንጋይ ይጋገራል፣ ይኸው ነው። ጆንያውን ከዕቃ ቤት ማውጣቱንስ አውጥቻለሁ፣ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ። ዩሪያ ጨውና ስኳር ይመስላል፤ ከእህል ጋር የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ የላሰች ወይም ያጠቡበትን ውሃ የጠጣች ላም ልትሞት እንደምትችል ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

«ኬሚካል ስለሆነ መርዝ ነው» የሚለው ይከተላል። ዩሪያ ስሙን ያገኘው ከሽንት ነው። ላም ሽንት ውስጥ አለ፣ እኛም ሽንት ውስጥ አለ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1828 ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶ ሲያወጣው ዓለም የተደነቀው፣ ከሕያው አካል ብቻ ይገኛል ይባል የነበረ ነገር በሰው እጅ ስለተሠራ ነው። ዛሬ ፋብሪካው አሞኒያን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ይሠራዋል። አሞኒያውን ከአየር ናይትሮጅን ማውጣት እንደሚቻል ፍሪትዝ ሀበር በ1909 አሳየ፤ ካርል ቦሽ በ1913 ለፋብሪካ አበቃው። ዶሮስ? ዶሮ አትሸናም። ናይትሮጅኗን የምታስወግደው ኩሷ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ በሚታየው ዩሪክ አሲድ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን ዩሪክ አሲድ ሲያፈርሱት ወደ ዩሪያ፣ ቀጥሎም ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ዶሮ ቤት ስንገባ ዓይናችንን የሚቆጠቁጠው ሽታ ያ አሞኒያ ነው። እንግዲህ ጸሐፊዋ ያወደሱት ባልዲና ያወገዙት ጆንያ አፈር ውስጥ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የቆስጣ ሥር የሚስበው ናይትሬትና አሞኒየም የሚባሉትን የናይትሮጅን ዓይነቶች ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ዘር አይቆጥርም።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ጣጣም አለበት። «ኬሚካል» ስንል ማዳበሪያውንም፣ የተባይ መርዙንም፣ የአረም ማጥፊያውንም አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን። ጽሑፉም ስለ ማዳበሪያ ጀምሮ ሳይታወቀው ስለ ካንሰርና ስለ ርጭት ያወራል። ትናንት ማላታይን የተረጨ ቲማቲም ዛሬ ገበያ መውጣቱ እኔንም ያስፈራኛል፤ የነፍሳትን ነርቭ እንዲያውክ የተሠራ ነገር የሰውንም ነርቭ አይምርም። ግን ያ ሌላ ክስ ነው፣ ተከሳሹም ሌላ። ዩሪያውን ጥሎ ርጭቱን ያልተወ ሰው ከምንም አልዳነም።

ያም ሆኖ «ቅጠሉ ውስጥ ይገባል» የተባለው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ተክል ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ናይትሬት ሲያገኝ ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ስፒናች በዚህ የታወቁ ናቸው። ይህ በተለይ የሚያሰጋው ገና ጥቂት ወራት የሆነውን ሕፃን ነው፤ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ሲለወጥ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ የልጁም ቆዳና ከንፈር ወደ ሰማያዊ ያደላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንዳይኖረው የሚመክረው ለዚህ ነው። ነገር ግን ያ ናይትሬት ከዩሪያ ብቻ አይመጣም። በዶሮ ኩስ የተጥለቀለቀ መደብም ቅጠሉን እንዲሁ ይሞላዋል፤ እንዲያውም ዩሪያው ይመዘናል፣ ኩስ ግን የሚጨመረው በአካፋ ነው። ብርሃንም ድርሻ አለው። ፀሐይ ያገኘ ቅጠል ናይትሬቱን ወደ ፕሮቲን ይለውጠዋል፤ በክረምት ደመና ወይም በግንብ ጥላ ሥር ያደገው ያከማቸዋል። ስለዚህ ቆስጣ በማለዳ ከመቅጠፍ ከሰዓት በኋላ መቅጠፍ ይሻላል፣ ማዳበሪያው የትኛውም ይሁን።

መጠኑን እንቁጠረው። «ለሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ» የሚለው እኔ ራሴ ስዘምረው የኖርኩት የቆየ ምክር ወደ ጓሮ ሲወርድ በካሬ ሜትር 10 ግራም ይሆናል። ለስድስት ካሬ መደቤ 60 ግራም፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ገደማ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ፣ አፈር ለብሶ። ሰው የሚበትነው ግን በእፍኝ ነው። ጎረቤቴ «ትንሽ ስጠኝ» ብሎ የወሰደውን በአንድ ጊዜ ችግኙ ሥር ደፋው፤ በሦስተኛው ቀን ቃሪያው ዳር ዳሩ ተለብልቦ ተገኘ። እስከ ዛሬ «የአንተ መርዝ» ይለኛል። እኔም በተራዬ ትኩስ ኩስ ጎመን ችግኝ ሥር ቀብሬ ሃያ ሁለቱንም ችግኝ አቃጥያለሁ። የእኔን ማንም መርዝ አላለውም።

ጸሐፊዋ ያልጠቀሱት፣ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ካድሚየምን ነበር። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ የሚሠራው ከመሬት ከሚቆፈር አለት ነው፤ አለቱ ካድሚየም የሚባል ከባድ ብረት ይዞ ይመጣል፣ ካንዱ አገር ጥቂት፣ ካንዱ አገር በርከት ያለ። ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት አይወጣም፤ ቅጠላ ቅጠልም በደንብ ይስበዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ጣሪያውን በአንድ ኪሎ ፎስፌት 60 ሚሊ ግራም አድርጎታል። ጣሪያው ላይ የደረሰ ማዳበሪያ ቢገጥመኝስ ብዬ አሰላሁት። ኤንፒኤስ 38 ከመቶው ፎስፌት ነው። በካሬ ሜትር 10 ግራም ብበትን 3.8 ግራም ፎስፌት፣ ከእሱ ጋር 0.23 ሚሊ ግራም ገደማ ካድሚየም ይገባል። የዚያችው አንዲት ካሬ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 250 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ካድሚየም ብቻ አለው ብንል እንኳ አስቀድሞ 50 ሚሊ ግራም ተሸክሟል። የዓመቱ ጭማሪ ከግማሽ ከመቶ ያንሳል። ችግሩ ግን በየዓመቱ መደመሩና በቀላሉ አለመውጣቱ ነው። በ2014 የወጣና 343 ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራም በኦርጋኒክ ዘዴ የተመረቱ ሰብሎች ውስጥ ያለው ካድሚየም ከሌላው በአማካይ ግማሽ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለጸሐፊዋ ወገን ጠንካራው ማስረጃ ነው፤ አለመጠቀማቸው ገርሞኛል። እኔም በዚህ ምክንያት ኤንፒኤስ መደቤ ላይ በየዓመቱ አልጨምርም፤ ኮምፖስት የለመደ መደብ ፎስፈረስ ብዙ ጊዜ አያንሰውም።

ከባድ ብረት የሚያሳስበው የአዲስ አበባ ሰው ግን ከማዳበሪያው በፊት ውሃውን ቢጠይቅ ይሻላል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት የአቃቂ ወንዝ ውሃ የጠጣ ሰላጣ በኦርጋኒክ ፍግ ቢያድግስ ምን ፋይዳ አለው?

«አፈሩን ይገድላል» ወደሚለው ስመጣ ግማሹን እቀበላለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ሮተምስቴድ በሚባለው የምርምር ጣቢያ፣ ብሮድባልክ በተባለው ማሳ፣ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ይዘራል። አንዱ መስመር በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ፍግ ይበላል፤ ሌሎቹ የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ። ከ180 ዓመት በኋላ ሁለቱም ያፈራሉ፣ ምርታቸውም የማይራራቅ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ሞተ የተባለው አፈር አልሞተም። ግን አንድ ዓይነት አፈርም አይደሉም፤ ፍግ የበላው በውስጡ ያለው ብስባሽ ከሌላው ከእጥፍ ይበልጣል። እዚያው ጣቢያ ከ1856 ጀምሮ በሚጠና የሣር ሜዳ ላይ ደግሞ ያለ ኖራ አሞኒየም ሰልፌት ሲደረግለት የኖረው መሬት ከመኮምጠጡ የተነሣ የመሬት ትል ጠፍቶበታል። የእኛም አገር የሚታረስ መሬት 43 ከመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል። ዋናው ምክንያት ዝናብ ለዘመናት ማጠቡና ከማሳው የወሰድነውን አለመመለሳችን ቢሆንም ዩሪያና መሰሎቹም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። እኔ ስወተውት በኖርኩበት ዘመን ስለ ኖራ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ሲታሰበኝ ይቆጨኛል።

ጸሐፊዋ የትግራዩን የኮምፖስት ሥራ ጠቅሰዋል። ደግ አደረጉ። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ከ1996 ጀምረው የደከሙበት ነው፤ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ማዳበሪያ ካገኘው የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት መስጠቱን አሳይተዋል። ይህን ሥራ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ስለ ኮምፖስት ነው፤ ተከምሮ፣ ግሎ፣ ተገልብጦ፣ በስሎ ስለወጣ ብስባሽ። የተመዘነውም የገብስ፣ የጤፍ፣ የስንዴና የመሳሰሉት ሰብሎች ምርት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ትኩስ ኩስ ለሰላጣ ደኅና ነው ማለት፣ እንጀራ ጥሩ ስለሆነ ሊጡንም ጠጡት እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «አባቶቻችን በፍግ ኖረዋል፣ ምንም አልሆኑም።» ኖረዋል። የጉራጌንና የሲዳማን የእንሰት ጓሮ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከብቱ ማታ ቤት ይገባል፣ ጠዋት እበቱ ተጠርጎ እንሰቱ ሥር ይፈስሳል፤ በደጅ ያለው አፈር ራቅ ካለው ማሳ የጠቆረና የሰባ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን ያ እንሰት ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ቦክቶ፣ በመጨረሻ ምጣድ ላይ ተጋግሮ ነው ቆጮ የሚሆነው። ሰሜን ያደግነውም እንደዚሁ። እናቶቻችን ጎመን ጥሬውን አላበሉንም፤ እስኪርስ ይቀቀላል፣ ይከተፋል፣ እንደገና እሳት ላይ ይጣዳል። ከማጀት ጀርባ በተጣለው እበትና በእኛ አፍ መካከል ሁልጊዜ እሳት ነበረ። ጥሬ ሰላጣ፣ ጥሬ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ የጾም በያይነቱ መሃል የሚቀመጠው የቲማቲም ቁርጥራጭ ኋላ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን ያልሞከሩትን ነገር በእነሱ ስም ደኅና ነው ማለት አይቻልም። (ደጋው አገር ደግሞ እበቱ አብዛኛውን ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ እንጂ ማሳ አልገባም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው።)

እሳቱ ከሌለ ቀሪው መከላከያ ጊዜና የክምሩ ሙቀት ነው። ዶሮ ታማ ሳትታይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ትሸከማለች፤ ጤነኛ ላም ኦ157 የሚባለውን ክፉ የኢ. ኮላይ ዓይነት ልትይዝ ትችላለች። የሰው ዓይነ ምድር የነካው ፍግ ወይም ውሃ ሲሆን የወስፋት እንቁላል ይጨመርበታል፤ እሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የድመት ኩስ ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ (የኦርጋኒክ ደንብ ነው የምላችሁ፣ የማዳበሪያ ሻጮች አይደለም) ጥሬ ፍግ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ፣ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል ቢያንስ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን ከመለቀሙ በፊት መቆየት አለበት ይላል። ሰላጣ ከችግኝ እስከ ገበታ ሁለት ወር እንኳ አይሞላውም። ስሌቱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ለፍትሕ ያህል፦ የእኔን ወገን የሚደግፉ ሰዎች በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰው የገደለውን የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ «ኦርጋኒክ እርሻ ያመጣው» እያሉ ይጠቅሱታል። እርሻው ኦርጋኒክ መሆኑ እውነት ነው። የተጠረጠረው ግን ከግብፅ የመጣ የአብሽ ዘር ነው፣ የበቀለው አብሽ ጥሬውን ተበልቶ፤ ፍግ አይደለም። በዚህ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም።

የክምር ሙቀት ስል በግምት አይደለም። ኮምፖስት መሃሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለቀናት መድረስ አለበት፤ ዳር ዳሩ ያለው ወደ መሃል እንዲገባም መገልበጥ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው ዱላ መሃሉ ድረስ ይሰካና ቆይቶ መዝዞ ይጨብጠው። ለእጅ ለብ ካለ አልበቃም፤ ይዞ ለመቆየት የሚያስቸግር መሆን አለበት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይሞላ ክምር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይግልም። ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ በባልዲ የሚሠራው ኮምፖስት፣ በትል የሚሠራውም ጭምር፣ ቀዝቃዛ ነው። ለልጣጭ፣ ለቡና አተላና ለእንቁላል ቅርፊት በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ፤ ኩስ ግን አይገባበትም።

ፍግ ከየት እንደመጣም መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2008 እንግሊዝ ውስጥ ብዙ የጓሮ አትክልተኞች ቲማቲማቸውና ባቄላቸው ተጠማዝዞ ግራ ገባቸው። ሲጠና አሚኖፒራሊድ የተባለ የአረም ማጥፊያ የተረጨ ሣር ከብት በልቶት፣ ሆዱን አልፎ፣ ፍግ ሆኖ ወደ ጓሮ መግባቱ ታወቀ። ኬሚካል ሸሽተው ወደ ፍግ የሄዱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

አጥንት ፈጭቶ መበተን የሚለውን በጥብቅ እቃወማለሁ። አባ ሰንጋ የአገራችን በሽታ ነው፤ ተሕዋሱ ቅርፊት ለብሶ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል። በምን እንደሞተ የማይታወቅ ከብት አጥንት ቤት ውስጥ በሙቀጫ ወቅጦ አቧራውን መተንፈስ ለፎስፈረስ ሲባል የሚሞከር አይደለም። የሚሸጠው የአጥንት ዱቄት በከፍተኛ ሙቀት የታከመ ነው፤ የሙቀጫው አይደለም። አመድ ለኮምጣጣ አፈር ይስማማል፣ ፖታሽየምም አለው፤ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የነደደበት ካልሆነ። ከዩሪያም ከትኩስ ኩስም ጋር ግን አይደባለቅ፤ አሞኒያውን አስነሥቶ ለነፋስ ይሰጠዋል።

እና ባልዲው። የዶሮ ኩስ በጥብጦ ለበቆሎ፣ ለሙዝ፣ ለጌሾ ሥር ማፍሰስ ይቻላል፣ ጓንት አድርጎ፣ ቅጠል ሳይነካ። ችግኝ ከመትከል አራት ወር አስቀድሞ ባዶ መደብ ውስጥም ይቀበር። ሰላጣ ላይ ግን፣ በየሳምንቱ፣ ቅጠሉ እምብርት ውስጥ እየገባ፣ በሳምንቱ ተቀጥፎ ጥሬውን ሊበላ? የሰላጣ ቅጠል ሽብሽብ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ የገባውን ቧንቧ ውሃ ሁሉንም አያወጣውም፣ ሎሚና ኮምጣጤም ቁጥሩን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ አይጨርሱትም። ጽሑፉን ተቀባብለው የሚያነቡት ደግሞ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው። ጸሐፊዋ እህቴ፣ ዩሪያን በተመለከተ በሐሳብ መለያየት እንችላለን፤ ያቺን አንዲት አንቀጽ ብቻ ግን እባክዎን ይሠርዙልኝ።